ትርንጎና ወለተ ሐና አንድ ሰው ናቸው

ነገሩ ሰባት ሰዎችን ያገኘ ነው፤ አስቀድሜ አንድ በአንድ ልጥራቸው። እኔ ደርሶ ነኝ፤ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው በኩል ድንችና ገብስ ሳመርት የኖርኩ፣ ፊደልን የኔታ ሳያስቆጥረኝ ከሰው ዳዊትና ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቃቀምኩ ገበሬ። ውዴ ሚስቴ ናት፤ አሁንም እዚያው ቤታችን አለች። ትርንጎ የበኩር ልጃችን ናት። ያየህ የእሷ ታናሽ ነው፤ ያን ጊዜ ሚስት አጭተንለት ነበር። እትዬ አትጠገብ የትርንጎ የክርስትና እናት ናት፤ እናንተ ያገሬ ሰዎች ታውቋታላችሁ፣ ስታወራ ከወንዝ ማዶ ትሰማለች። ባንቻየሁ እዚህ ደብረ ማርቆስ መጠጥ ቤት ያላት ሴት ናት። ሲስተር ሰብለ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የመጨረሻዎቹን የሁለቱን ስም ለውጫለሁ፤ የልጄን ግን አልለወጥኩም። «ጻፈው አባ፤ ሰው ከሚያወራው አንተ የምትለው ይሻለኛል» ብላ ፈቅዳልኛለች።

የወጣሁ ዕለት ገና አልነጋም ነበር፤ የማለዳዋ መኪና ሰው አትጠብቅም። ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ውዴ አንድ ጆንያ ድንች አስራ በር ላይ አቆመችው። «ለማን ነው?» ብላት፣ «ለልጅቷ ነዋ! እዚያ ምን ትበላለች ብለህ ነው?» አለችኝ። ለእናንተ ዓይኔን ልታከም ነው የምሄደው ብያችሁ ነበር። እስከ መንገድ የሸኛችሁኝ ሁሉ «ዓይንህን ያብራልህ» ስትሉኝ አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ዓይኔ ደህና ነበር፤ አሁንም ደህና ነው። የዋሸኋችሁ ልጄ እሑድ ዕለት ደውላልኝ ስለነበር ነው።

«አባ፣ መድኃኒት እያለቀብኝ ነው» አለችኝ።

«የምን መድኃኒት?»

«የኤች አይ ቪ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት፤ ያኛው ሌላ ነገር የሚሰማ መስሎኝ።

«ሆቴል ወጥ ቤት አይደለም እንዴ የምትሠሪው?»

«ወጥ ቤት አይደለም፣ አባ።»

«እና ምንድን ነው?»

«አባ፣ ገብቶሃል። አታስደግመኝ።»

ትርንጎ ባሏን ፈትታ ለአረም ሥራ ወደ ደብረ ኤልያስ ስትወርድ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ሆቴል ገባሁ አለች፤ ለእናቷ ሻሽ፣ ለእኔ ጋቢ ትልክ ነበር፤ እኛም ሆቴል ሲባል ሽንኩርት መክተፍ ይመስለን ነበር። መድኃኒቱን የጀመረችው ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ገበያው ሲቀዘቅዝ ወደ ማርቆስ መጣች፤ የሕክምና ፋይሏ ግን እዚያው ቀረ። እዚህ ያለችው ነርስ ከቤተሰብሽ የሚያውቅሽ ሰው አምጪ ስላለቻት ነው ለእኔ የደወለችው።

ማርቆስ ስደርስ መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። የቆላ ሰው ማርቆስ ይበርዳል ይላል አሉ፤ እኔ ግን ጋቢዬን አጥፌ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ሁለተኛ ያስቸገረኝ ሰላምታ ነው። ከመናኸሪያው ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ እንዴት አደራችሁ ስል ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዱ ጎረምሳ ቆሞ «ምን ጠፋብዎት አባባ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም፤ እንዴት አደርክ ነው ያልኩህ ብለው፣ «እግዜር ይመስገን። እና ምን ፈለጉ?» አለኝ። እዚህ አገር ሰላምታ የልመና መጀመሪያ ነው።

ባንቻየሁ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ የቢራ ሳጥን ታስወርድ ነበር። ጋቢዬን፣ ዱላዬን፣ ጆንያዬን ከላይ እስከ ታች አየች።

«ትርንጎ የምትባል ልጅ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«አባባ፣ በጠዋቱ?» አለች። «እሷ ገና አልተነሣችም። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ወገብ ይጎዳል።»

«አባቷ ነኝ!»

«እሱን ብዙ ሰው ይለዋል። ባለፈው አንዱ አጎቷ ነኝ ብሎ ሳይከፍል ሄዷል።»

«ሴትዮ፣ እኔ ደርሶ እባላለሁ! አባቷ ነኝ እልሻለሁ!»

«ታዲያ ይሄ ጆንያ ምንድን ነው?»

«ድንች። እናቷ የላከችላት።»

ጎንበስ ብላ የጆንያውን አፍ ፈታች፤ አንዱን አውጥታ አፈሩን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ኧረ ወዲያ! እውነትም አባቷ ነዎት። ደንበኛ ድንች ተሸክሞ አይመጣም» አለችና ወደ ውስጥ ተጣራች።

ልጄ ወጣች። በአሮጌው ዘመን በበሽታው ተይዘው የተቀበሩትን ሰዎች አይቼ ስለነበር አጥንትና ቆዳ ነበር የጠበቅሁት። ትርንጎ ግን ወፍራለች፤ ከእናቷ ትወፍራለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሣኋት። እዚያው ቆመን ስለ ድንቹ አወራን። ለማደሪያዬ ባንቻየሁ ከሴቶቹ ክፍሎች ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አሳየችኝና የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ አለች። ለዚህ ጉድጓድ? በሬዬ እንኳ እዚህ አያድርም አልኳት። «በሬዎ መክፈል ስለማይችል ነዋ» አለችኝ። ገባሁበት።

ትርንጎ መድኃኒቷን አሳየችኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ብልቃጥ ጥላ፣ ክኒኖቹን የፀጉር ቅባት ዕቃ ውስጥ ገልብጣ፣ በመካከል ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። ጥጡ ለምን ነው አልኳት። «እንዳይንኮሻኮሽ፤ ደንበኛ ይሰማል» አለች። ጥቂት ብቻ ቀርተዋል።

ጤና ጣቢያ የሄድነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሴቶቹ ተኝተው ነው የሚያረፍዱት፤ ቢነቁም ካርድ ክፍል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ስለሚያያቸው አይሄዱም። ሲስተር ሰብለ ይህን ዐውቃ ሰልፉ ሲቀልል ትቀበላቸዋለች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት።

«እዚያ በማን ስም ነው የተመዘገብሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወለተ ሐና ገብረ ማርያም» አለች።

ደነገጥኩ። ወለተ ሐና የክርስትና ስሟ ነው፤ ገብረ ማርያም ደግሞ የእኔ ነው። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም በማንም ፊት እንደማይጠራ፣ ክፉ ሰው ሰምቶ እንዳያስደግምበት እንደሚደበቅ ታውቃላችሁ። እኔ የእኔን ከውዴ ውጭ ለማን እንደነገርኩ አላስታውስም። ስሜ እኔ ያልረገጥኩት አገር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተጽፎ ኖሯል።

«ምን ሆነሽ ነው ይህን የሰጠሻቸው?» አልኳት።

«ትርንጎ እንዳልል ያገር ሰው አለ። ቡና ቤት የሚጠሩኝን ስም ልሰጥ አልኩና፣ በውሸት ስም የተወሰደ መድኃኒት ለማን ሊሠራ ነው ብዬ ተውኩት። ጠበል ቦታ ስንሄድ የሚጠይቁን የክርስትና ስም አይደል? የሚፈውሰው እሱ ነው ብዬ ነዋ» አለች። «የአባት ስም ሲሉኝ ደግሞ ያንተን ከሱ ጋር የሚሄደውን ሰጠኋቸው።»

እውነት ለመናገር እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ሲስተር ሰብለ አልሳቀችም። ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ አለችን፤ አንዷ በቡና ቤት ስሟ፣ አንዷ በሞተች እኅቷ ስም ይመዘገባሉ። አዲስ ፊት ብዙ ገበያ ስላለው ሴቶቹ ከከተማ ከተማ ይዘዋወራሉ፤ በተዘዋወሩ ቁጥር ስም ይቀያየራል፤ ስም ሲቀያየር ፋይል ይጠፋል፤ መሐል ላይ መድኃኒቱ ይቋረጣል።

ወዲያው ወደዚያኛው ጤና ጣቢያ ደወለች። የወንድ ድምፅ ነው። «ወለተ ሐና ገብረ ማርያም አለች፤ ቀጠሮዋም አልፏል» አለ። «ያቺ ትርንጎ ናት የምትሉኝን ግን በምን ልመን? የሰው ምስጢር በስልክ አልሰጥም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ትራንስፈሩን ያኔ እልካለሁ።» ትራንስፈር የሚሉት ታካሚን ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያዛውር ወረቀት ነው።

በሰውየው ተናደድኩ። ቆይቼ ግን ነገሩ አስገረመኝ። አይቷት ሳይሆን አይቀርም እንጂ ዘመዷ አይደለም፤ ቢሆንም ምስጢሯን ከእኔ ከአባቷ እንኳ እየጠበቀላት ነው። እኛ አገር ይህን የሚያህል ምስጢር ከአንድ የገበያ ቀን በላይ ተጠብቆ የቆየበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«ሲስተር፣ ክኒኑን አይተሽ አታውቂውም? ዝም ብለሽ አትሰጫትም?» አልኳት።

«ዐውቄዋለሁ፣ አባባ። የመጀመሪያው ዓይነት አልሠራላት ብሎ ወደ ሁለተኛው ተዛውራለች። ይሄኛው ደግሞ በተመዘገበው ሰው ልክ ነው የሚመጣልን። እኔ ከእጄ ያለውን ለጥቂት ቀን እሰጣታለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለ ትራንስፈር አይወጣልኝም።»

«ቢቋረጥስ?»

«ቫይረሱ ይነሣል። መድኃኒቱንም ይለምደዋል። ከሁለተኛው በኋላ ያለውን እዚህ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው።»

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነበር። ልጄን እንዳላጣት ትርንጎና ወለተ ሐና አንድ መሆናቸውን የሚጽፍልኝ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ስንወጣ ሲስተሯ «ደብዳቤው ውስጥ በሽታ የሚባል ቃል እንዳይገባ» አለችኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ መታወቂያዬን አገላበጠው።

«እዚህ ደርሶ ይላል።»

«አዎ።»

«ገብረ ማርያም የሚሉት ማን ነው?»

«እኔው ነኝ።»

«ልጅዎ ትርንጎ ናት።»

«ናት።»

«ወለተ ሐናስ?»

«እሷው ናት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ቤተሰቡ በሙሉ ነው እንዴ በሁለት ስም የሚንቀሳቀሰው?»

«አንተ የክርስትና ስም የለህም?»

«አለኝ። ግን ለቀበሌ ሰጥቼው አላውቅም።»

«የኛም በሰማይ ነው የሚታወቀው።»

«እንግዲያው ደብዳቤውን ከዚያ ያጽፉ» አለና ከጎኑ ካለችው ጸሐፊ ጋር ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መቆሜን ሲያይ «ለምን ጉዳይ ነው? የውርስ ነው?» አለኝ። ገና አልሞትኩም አልኩት። መጨረሻ ላይ ሁለት ምስክር አምጣ አለኝ። አንዱ ልጅቷን ከክርስትናዋ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ሌላው እዚሁ ቀበሌ ቤት ኖሮት ትርንጎ ብሎ የሚያውቃት። እኔ አባትነቴ ለምስክርነት አይሆንም፤ ለልጁ የሚያደላ ሰው ነኝ።

ቤት ያላት ባንቻየሁ ናት። ግን ከመጣሁበት ማታ ጀምሮ ተጣልተን ነበር። የነዚያን ሴቶች ሥራ አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም። ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከገበያተኛው ወንድ ይልቅ ሴቲቱን የሚያስወቅስ ኃጢአት መሆኑ ደግሞ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ወንዶቹን ልያዝ ብዬ ሲመሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሁሉ መምከር ጀምሬ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይህ ብር ቤት ቢገባ ምን በሆነ?» እላለሁ። «ይቅርታ አባባ» ብሎ የሚመለስ ነበር። አንዱማ እጄን ስሞ ነው የሄደው።

ጉዳዬን ለባንቻየሁ ስነግራት ክንዷን አጣምራ ሰማችኝና፣ «እርስዎ ከመጡ ወዲህ ቢራዬ ፍሪጅ ውስጥ አረጀ» አለች። «እመሰክራለሁ። ግን ደንበኞቼን መምከር ይተዉልኛል።»

«የምናገረው እኮ የእግዜርን ቃል ነው።»

«ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይናገሩዋ! እዚያ የሚሰማ ሞልቷል፤ ለቢራ የሚመጣም የለም።»

ተውኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውዴ እንደምታውቀው እኔ ስህተት አይቼ ዝም ማለት ምግብ እንደማጣት ነው የሚሆንብኝ።

ሁለተኛዋ ምስክር እትዬ አትጠገብ ነበረች፤ ሌላ የክርስትና እናት የላትም። ለውዴ ስደውልላት ጮኸች።

«ከሰው ሁሉ አትጠገብን? እሷ ማርቆስ ደርሳ ከተመለሰች አገሩ ሁሉ አይደለም እንዴ የሚያውቀው! የያየህን ነገርስ አሰብከው? የእጮኛው አባት ቢሰማ ልጁን ይሰጠናል?»

«መድኃኒቱ እያለቀ ነው፣ ውዴ።»

«ትርንጎ ምን አለች?» አለችኝ።

ትርንጎን ጠየቅኋት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ታይ ነበር። «እዚያ አገር የሞትኩ ብሆን ስሜን ለፍትሐት የምትሰጠው እሷ ነበረች። በሕይወት እያለሁ ብትሰጥልኝ ምን አለ?» አለች። ለውዴ መልሼ ደወልኩና ትምጣ አልኩ። ያየህን አልጠየቅሁትም። ጊዜ አልነበረም፤ ደግሞም አባት ነኝ፣ እኔ ስወስን ኖሬአለሁ።

እትዬ አትጠገብ ከመኪናው ሳትወርድ «ደርሶ! ዓይንህ እንዴት ሆነ?» ስትል መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለምን እንደመጣች የነገርኳት በመንገድ ላይ ነው፤ ትርንጎ ሁለት ስም ስላላት አንድ መሆኗን መስክሪላት ብቻ አልኳት። ቀበሌው በር ላይ ባንቻየሁን ስታይ ከሻሿ እስከ ጫማዋ መረመረቻት እንጂ አልጠየቀችም።

የቀበሌው ሰውዬ መጀመሪያ የባንቻየሁን ቃል ተቀበለ። ተከራይዋ ትርንጎ ደርሶ እንደምትባል፣ እኔም አባቷ እንደሆንኩ ተናገረች። በምን ዐወቅሽ ሲላት «በድንቹ» አለችው፤ አልገባውም፣ አላስረዳችውምም። ከዚያ ወደ እትዬ አትጠገብ ዞረ።

«በሰማንያ ቀኗ ያቀፍኳት እኔ ነኝ» አለች እትዬ አትጠገብ፤ ግቢው በሙሉ ይሰማታል። «ውሃው ሲነካት የመምሬን ጢም ይዛ አልለቅም አለች። ሁለት ዲያቆን ነው ያላቀቃቸው!»

«ስሟስ?»

እትዬ አትጠገብ አፏን ዘጋች። ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች፤ ወደ ሰውዬው ጆሮ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ነገረችው። በሕይወቴ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እናት፣ ጮክ ይበሉ እንጂ፤ ጸሐፊዋም ትስማ።»

«እሷ ምን አገባት?»

«የምትጽፈው እሷ ናት።»

ዞራ ለጸሐፊዋም በጆሮዋ ነገረቻት። የእኔንም ስም እንደዚሁ። «ይሄ ደርሶ ሳንባ ይዞት ሊሞት ሲል ሚስቱ ስሙን ለመምሬ ስትሰጥ አብሬያት ነበርኩ» አለች። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ራሱ ተነሥቶ ማኅተሙን መታው።

ሲስተር ሰብለ ደብዳቤውን ፎቶ አንሥታ ላከች፤ የዚያኛው ጤና ጣቢያ ሰው ቃሉን ጠበቀ። ትርንጎ መድኃኒቱ ሳይቋረጥባት አዲሱን ብልቃጥ ተቀበለች። እትዬ አትጠገብ ስትሳፈር ትርንጎን አቅፋ «ጠዋት ነው ማታ የምትወስጂው?» አለቻት። ማንም አልነገራትም ነበር። «ማታ» አለች ልጄ። «እንዳትረሺ» አለቻትና ገባች።

እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ግን ሲስተር ሰብለ አስታዋሽ ያስፈልጋታል አለችኝ። ሥራቸው ከደንበኛ ጋር መጠጣት ስለሆነ ሰዓቱ የሚያልፋቸው ሲጠጡ ነው። የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ወደ ሥራ ስሄድ የክኒኑ ሰዓት ነው፤ የትርንጎን በር በዱላዬ መታ መታ አደርጋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቷ በሯን ከፈት አድርጋ «አባባ፣ የኔንም ይምቱልኝ» አለች። እሷም እንደምትወስድ አላውቅም ነበር፤ ትርንጎም አታውቅም ነበር። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሁለቱም ጥጥ ሲጠቀጥቁ ኖረዋል። አሁን የምመታቸው በሮች ብዙ ናቸው። «መድኃኒትሽን ዋጪ፤ ይህን ሥራም ተዪ» እላለሁ። «የመጀመሪያውን እሺ፣ አባባ» ይሉኛል። ሴቶቹን ልምከር አልምከር ከባንቻየሁ ጋር ውል አልገባንም።

ብዙ ነገር እየጠየቅሁ ሲስተር ሰብለን አሰልችቻታለሁ። ባለፈው የትርንጎ ደም ተመርምሮ ቫይረሱ አይታይም ተባለ። «አይታይም ማለት የለም ማለት ነው?» አልኳት። አለ፤ ግን መድኃኒቱ ስላስተኛው መሣሪያው አያገኘውም፣ እንዲህ ሆኖ እስከቆየም በግብረ ሥጋ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም አለችኝ። ሌሊቱን በመጋዘኑ በር ላይ ይህን ሳስብ አደርኩ። ስንት ዘመን በአንድ ጽዋ አንጠጣም ያልናቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጽዋውማ ያኔም ቢሆን አያስተላልፍም ነበር አሉ። ይህን ማን ሊነግረን ነበር? የሚያውቁት ቢኖሩስ እኛ መች እንሰማ ነበር?

እዚህ ድንቹ ሲቀቀል ይፈርሳል። ውሃው በቧንቧ ነው የሚመጣው፤ መምጣቱ ግን በራሱ ፈቃድ ነው። ጠዋት ከመጋዘኑ ስወጣ ወደ ጮቄ በኩል ደመናው ተቀምጦ አያለሁ፤ ከሱ ሥር እናንተ ገብስ ታጭዳላችሁ።

እትዬ አትጠገብ አላወራችም፤ በዚህ ማንም እንዳይወቅሳት። ነገሩ ለአገሩ የገባው ዝም በማለቷ ነው። ማርቆስ ደርሳ መጥታ የማታወራ አትጠገብ ታይታ አትታወቅማ! ቀሪውን እናንተው ገጣጠማችሁት። ዛሬ የጻፍኩትም የተገጣጠመው ልክ ስላልሆነ ነው።

ባለፈው እሑድ ውዴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለች።

«እስቲ ምን ምን እንደሄደ ደምረው» አለችኝ።

ደመርኩላት። ለኪራዩና ለመንገዱ የተሸጠው ቀይ በሬ። ለእኩል አራሽ የተሰጠው መሬታችን። እሷ ያለ እኔ የምታድርበት ቤት፤ በማርያም ማኅበርም በሽታው ሳይኖርባት ለብቻዋ የሚቀዳላት ጽዋ። እትዬ አትጠገብ ወሬዋን፣ ከወሬዋም ጋር የሚጠሯትን ቤቶች አጣች። ባንቻየሁ፣ ሴቶቹ በሽተኞች ናቸው ሲባል የቀሩባትን ደንበኞች። ሲስተር ሰብለ በእኔ ጥያቄ የሚያልፍባትን የምሳ ሰዓት። ትርንጎ ለጥምቀት አገሯ መግባትን። እኔ ውዴን፤ ደጃፍ ላይ የዋጥኩትንም ምክር ጨምሩበት።

«ልጅቷስ?» አለች ውዴ።

«ደህና ናት። ልብስ እያጠበች ነው።»

«እንግዲያው ርካሽ ነው» አለች። ቆየት ብላ ግን «የያየህን አልደመርከውም» አለችኝ።

የእጮኛው አባት ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን ካፈረሰ ወዲህ ያየህ ከእኔ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። ልጅቷ ሌላ ቦታ ተድራለች፤ ሰርጓ ሲያልፍ በደጃችን ነው ያለፈው አሉ። «አቅርቢልኝ» አልኳት። ስልኩን ይዛ ወደ በረቱ ስትሄድ የእግሯን ድምፅ ሰማሁ። «አባትህ ነው» አለችው። የቀረውን በሬ ሲጠራ፣ በሩን ከፍቶ ይዞት ሲወጣ፣ ድምፁ ወደ ማዶ ሲርቅ ይሰማኛል።

«ሄደ» አለች ውዴ።

የሁሉንም ደምሬአለሁ፤ የእሱን ስንት ብዬ እንደምደምረው ግን አላወቅሁም።